የስዊስ ወታደር ሰንጢና የአሉሚንየም እጀታው

በኪሳችን ከምንይዛቸው ዕቃዎች መካከል እንደ ሰንጢ ብዙ የሚያገለግል፥ እንደ ሰንጢም ጥቂት የሚታሰብለት አይገኝም። እርሳስ እንቀርጽበታለን፤ የጥቅል ገመድ እንቆርጥበታለን፤ ብርቱካን እንልጥበታለን፤ ከዚያም አጥፈን ወደ ኪሳችን እንመልሰዋለን። ልንገዛው በሄድን ጊዜ የምንመረምረው ስለቱን ብቻ ነው። ስለቱን ወደ ብርሃን አቅንተን እናያለን፤ በአውራ ጣታችን ዳር ዳሩን እንዳስሳለን። ስለ እጀታው ግን ቀለሙ ደስ ካሰኘን ሌላ ነገር አንጠይቅም።

ይሁን እንጂ ነገሩን ጥቂት ያሰላሰለ ሰው ከሁለቱ ይልቅ መመርመር የሚገባው እጀታው መሆኑን ይረዳል። የደነዘ ስለት በመሳያ ድንጋይ ይሳላል፤ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ቢሄድ እንኳ መቁረጡን አይተውም። የተሰነጠቀ እጀታ ግን የሚሳልበት ድንጋይ የለውም። ከዚህም በላይ የሚታጠፍ ሰንጢ እጀታ እንደ ማእድ ቤት ቢላዋ እጀታ መያዣ ብቻ አይደለም፤ ስለቱ ታጥፎ የሚያርፍበት ሰገባም እርሱው ራሱ ነው። እጀታው በእርጥበት ቢያብጥ፥ በድርቀት ቢጣመም ወይም በምት ቢሰነጠቅ፥ ስለቱ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ሰንጢው ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ስለዚህ የሰንጢን ዕድሜ የሚወስነው እጀታው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይህን ነገር በምሳሌ ለመግለጥ የስዊስን ወታደር ሰንጢ መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ስመ ጥር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። አንድ መንግሥት ለወታደሮቹ የሚያድለውን አንድ ዐይነት ዕቃ ከመቶ ዓመት በላይ ሳያቋርጥ ሲገዛ፥ ሲመረምርና ሲያሻሽል የቆየበት ታሪክ ስለ ሆነ ነው። በዚህም ዘመን ሁሉ እጀታው በየተራው ከእንጨት፥ ከተጨመቀ ወረቀት፥ ከአሉሚንየም፥ በመጨረሻም ከናይሎን ተሠርቷል። ከእነዚህ መካከል የአሉሚንየሙ ነገር ሰፋ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

የስዊስ ጦር ሠራዊት ሽሚት ሩቢን የሚባለውን የ1889 ሞዴል ጠመንጃ በተቀበለ ጊዜ አንድ ትንሽ ችግር ተፈጠረ። ጠመንጃውን ፈትቶ ለመጥረግ ካቻቢቴ ያስፈልግ ነበር። ወታደሩ በዘመቻ ላይ የሚመገበው ምግብ ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገ ሆነ፤ ቆርቆሮውን ለመክፈት ሌላ መሣሪያ ያሻው ነበር። ካቻቢቴውን ለብቻ፥ መክፈቻውን ለብቻ፥ ቢላዋውንም ለብቻ ከመስጠት ይልቅ ሁሉንም በአንድ እጀታ ውስጥ አጥፎ መስጠት እንደሚሻል ታሰበ። በዚህ ዐይነት ስለት፥ ወስፌ፥ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ያሉት የ1890 ሞዴል የተባለው የወታደር ሰንጢ ተወሰነ።

ነገር ግን ያን ያህል ብዛት ያለው ሰንጢ በፍጥነት ሊሠራ የሚችል ፋብሪካ በስዊስ አገር አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 15,000 ሰንጢዎች በ1891 ከጀርመን አገር፥ በብረት ሥራዋ ከታወቀችው ከዞሊንገን ከተማ ተገዙ። የአገሩ ወታደር የሚይዘው ቢላዋ ከጎረቤት አገር መምጣቱ ካርል ኤልሰነር የተባለውን አንጥረኛ አላስደሰተውም። ይህ ሰው በ1860 የተወለደ ሲሆን በ1884 በሽቪትስ አውራጃ ኢባኽ በምትባል መንደር የቢላዋ መሥሪያ ቤት ከፍቶ ነበር። በ1891 የአገሩን ቢላዋ ሠሪዎች በማኅበር አሰባስቦ ሰንጢውን በአገር ውስጥ ሠርተው ለጦር ሠራዊቱ ለማቅረብ ተነሣ።

ጅምሩ መልካም ነበር፤ የተከተለው ግን መከራ ነው። የዞሊንገን ፋብሪካዎች በመኪና ኀይል እየሠሩ በዝቅተኛ ዋጋ ስለሚያቀርቡ የእጅ ባለሙያዎቹ ሊወዳደሯቸው አልቻሉም። ብዙም ሳይቆይ የማኅበሩ አባሎች አንድ በአንድ እየተዉት ሄዱ። ኤልሰነር ብቻውን ቀረ፤ ገንዘቡንም ሁሉ አጠፋ። ከመክሠር ያዳኑት ዘመዶቹና ወዳጆቹ ናቸው። እርሱም ሥራውን አልተወም፤ የወታደሩን ሰንጢ እያሻሻለ ቆይቶ በ1897 ቀለል ያለውንና የቡሽ መንቀያ የተጨመረበትን የመኮንን ሰንጢ አውጥቶ በሕግ አስመዘገበ። ዛሬ በዓለም ገበያ ቀይ እጀታ ለብሶ የምናየው ሰንጢ የዚያ ዘር ነው። የሠሪው ድርጅት የሚጠራበትም ስም የተገኘው ከእናቱ ነው። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ባረፈች ጊዜ ስሟን ለድርጅቱ ሰጠ፤ በ1921 ደግሞ የማይዝገው ብረት ሥራ ላይ ሲውል፥ ፈረንሳዮች ለዚህ ብረት የሚሰጡት “ኢኖክስ” የሚለው ስም ተጨምሮበት ቪክቶሪኖክስ ተባለ።

አሁን ወደ እጀታው እንመለስ። የ1890 ሞዴል እጀታ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ የፈረንጅ ዛፍ የተሠራና ጥቁር ቀለም የገባበት ነበር፤ በኋላም በአንዳንዶቹ ላይ ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨት ተተካበት። ሰንጢው 100 ሚሊሜትር ርዝመት፥ 20 ሚሊሜትር ከግማሽ ውፍረት፥ 144 ግራምም ክብደት ነበረው። እንጨት ለእጅ የሚስማማ ነው፤ በብርድ አይቀዘቅዝም፤ በሙቀት አያቃጥልም። ነገር ግን እንጨት የነበረበትን ሕይወት ፈጽሞ አይረሳም። ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲያገኝ ይደርቃል። በጠጣ ቁጥር ያብጣል፤ በደረቀ ቁጥር ይኮማተራል። በሁለት የብረት ገበታዎች ላይ በችንካር የተቸነከረ ቀጭን የእንጨት ቅጠል ሲያብጥና ሲኮማተር የሚሰነጠቀው በዚያው በችንካሩ ቀዳዳ ዙሪያ ነው። ወታደር ደግሞ በዝናብ የሚያድር፥ በፀሐይ የሚጓዝ ስለ ሆነ ለእንጨት እጀታ ከእርሱ የባሰ ባለቤት አይገኝም።

በዚህ ምክንያት በ1908 ሞዴል ላይ የእንጨቱ እጀታ በፋይበር ተተካ። ይህ ፋይበር የሚባለው ነገር ከጥጥ የተሠራ ወረቀት በዚንክ ክሎራይድ ተነክሮ፥ ድርብርቡ አንድ ላይ ተጨምቆ፥ ከዚያም ታጥቦና ደርቆ እንደ ቀንድ የሚጠነክር ነው። ሰንጢውም ውፍረቱ ወደ 16 ሚሊሜትር ከግማሽ፥ ክብደቱም ወደ 125 ግራም ወረደ። ኢባኽ ከምትገኝበት ከጀርመንኛ ተናጋሪው ክፍልና ዴሌሞን ከምትገኝበት ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ክፍል መካከል ቅሬታ እንዳይነሣ፥ መንግሥት ግዢውን ለኤልሰነርና ዴሌሞን ላለው ለቬንገር ድርጅት እኩል እኩል ማካፈል የጀመረው በዚሁ በ1908 ነው። ቬንገር በ2005 በቪክቶሪኖክስ እስኪገዛ ድረስ ሁለቱ ድርጅቶች ጎን ለጎን ሠርተዋል።

ፋይበር ከእንጨት ይልቅ በምት የማይሰነጠቅ ነው፤ ፍለጋ የሚከተል የእንጨት ጭረት የለውምና። ሆኖም ከጥጥ የተወለደ ስለ ሆነ የጥጥን ጠባይ አልተወም፤ በውሃ ውስጥ ሲቆይ ይጠጣል፤ ጠርዙም ያብጣል። በ1951 ስለቱ በማይዝግ ብረት በተለወጠ ጊዜ ይህ ጉድለት ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ሰንጢው ወደ 93 ሚሊሜትር አጥሮ፥ ወደ 90 ግራም ቀልሎ፥ ዝገትን የሚቋቋም ስለት አግኝቶ ነበር። ስለቱ ውሃን መፍራት ሲተው፥ ውሃን የሚፈራ እጀታ ብቻውን ቀረ።

በዚህ ጊዜ ነው አሉሚንየም የመጣው። ነገር ግን ይህ ማዕድን ከ1961 በፊት የነበረውን ታሪክ በአጭሩ ካልተረዳን፥ ለሰንጢ እጀታ መብቃቱ ምን ያህል የሚያስደንቅ እንደ ሆነ አይገባንም።

ከምድር ቅርፊት ክብደት 8 በመቶ የሚሆነው አሉሚንየም ነው። ከብረት እንኳ ይበዛል። እንዲህ የበዛ ማዕድን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ በማንም ዐይን አልታየም ነበር። ምክንያቱም አሉሚንየም ኦክስጅንን እጅግ ይወዳል፤ ከተጣመረው በኋላ በእንጨት ከሰል እሳት ሊያላቅቀው የሚችል አንጥረኛ የለም። በ1825 የዴንማርኩ ሊቅ ኤርስቴድ፥ በ1827 ደግሞ የጀርመኑ ቮለር በኬሚካል ዘዴ ጥቂት ጥቂት አገኙ። በ1854 ፈረንሳዊው ሴንት ክሌር ዴቪል በሶዲየም አማካይነት በርከት አድርጎ ማውጣት ቻለ፤ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊም በገንዘብ ረዳው። ቢሆንም አሉሚንየም ከጌጣጌጥ ጋር የሚቆጠር ውድ ማዕድን ሆኖ ቆየ። ኤልሰነር በኢባኽ መሥሪያ ቤቱን በከፈተበት በ1884፥ አሜሪካኖች በዋሽንግተን ከተማ ያቆሙትን ረጅም ሐውልት ሲጨርሱ፥ ለክብሩ በጫፉ ላይ ያስቀመጡት 3 ኪሎ ግራም የማይሞላ የአሉሚንየም ቁራጭ ነበር። በዚያ ዘመን አሉሚንየምን ለወታደር ሰንጢ እጀታ ማድረግ ዛሬ ብርን ለበር መዝጊያ እንደ ማድረግ ይቆጠር ነበር።

ይህን ሁሉ የለወጡት ሁለት ወጣቶች ናቸው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፥ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፥ በ1886 አንድ ዐይነት ዘዴ አገኙ። ይኸውም የአሉሚንየሙን ንጹሕ አፈር በቀለጠ ክሪዮላይት ውስጥ አሟሙቶ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኀይል በመስደድ ማዕድኑን ከኦክስጅን መለየት ነው። ሁለቱም በ1863 ተወልደው ሁለቱም በ1914 ማረፋቸው ከታሪክ አጋጣሚዎች አንዱ ነው። ዘዴው ብዙ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ስለ ሆነ ፋብሪካዎቹ ወደ ፏፏቴ ተሰደዱ። በአውሮፓ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1888 በስዊስ አገር፥ በራይን ወንዝ ፏፏቴ አጠገብ በኖይሃውዘን ተቋቋመ። እንግዲህ ስዊሶች አሉሚንየምን ከሌሎች ቀድመው በቅርብ ያወቁት ሕዝብ ናቸው።

ንጹሕ አሉሚንየም ግን ለሥራ በጣም ልል ነው። በ1906 ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም ጥቂት መዳብና ማግኒዥየም ቀላቅሎ፥ አግሎና አቀዝቅዞ ለቀናት ቢያሳድረው እንደሚጠነክር ደረሰበት። እንደዚህ ያሉት ቅይጦች ለአውሮፕላን ሥራ ዋሉ። ነገር ግን በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በጨው ውሃ እየተበሉ ስላስቸገሩ፥ በ1923 በእንግሊዝ አገር ቤንጎና ስቱዋርት የተባሉ ሰዎች የአሉሚንየምን ገጽ በአሲድና በኤሌክትሪክ ኀይል የሚያጠነክሩበትን ዘዴ አወጡ። በ1927 ደግሞ በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራው፥ እስከ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት መንገድ ተገኘ። የባሕር አውሮፕላንን ከጨው ለማዳን የታሰበው ዘዴ ከአርባ ዓመት በኋላ የወታደርን ሰንጢ ከላብ ለማዳን የዋለው እንዲህ ነው።

በ1961 ሞዴል ላይ የፋይበሩ እጀታ ተነሥቶ በአሉሚንየም ተተካ። የሰንጢው ርዝመት እንደ ፊተኛው 93 ሚሊሜትር ሲሆን፥ ውፍረቱ ከ13 ሚሊሜትር ከግማሽ ወደ 12፥ ክብደቱም ከ90 ግራም ወደ 72 ግራም ወረደ። ይህም የ1890 ሞዴል ይመዝን ከነበረው ልክ እኩሌታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጀታው ቀይ ቀለም ገብቶበት ነበር፤ በኋላ ግን የማዕድኑ ተፈጥሮ የሆነው ብርማ መልክ ተተወለት፤ የስዊስ መስቀልም በቀይ ጋሻ ላይ ተደረገበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀጭኑ የአሉሚንየም ገበታ በማተሚያ መኪና ተጨምቆ በገጹ ላይ እንደ ሞረድ ጥርስ ያለ ጥቃቅን ሻካራ ቅርጽ ይወጣበታል። ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለስላሳ ማዕድን በረጠበ እጅ ውስጥ ስለሚሙለጨለጭ ነው። ቀጥሎም ገበታው በአሲድ መታጠቢያ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይሰደድበታል። በመጨረሻ ከስለቱ፥ ከሞላውና ከመሣሪያዎቹ ጋር ተደርድሮ፥ ችንካሩ ከዳር እስከ ዳር አልፎ ጫፉ ተቀጥቅጦ ይጠፈጠፋል። ቀይ የፕላስቲክ ለባሽ ያላቸው ሰንጢዎች እጀታቸው ተጭኖ የሚያዝ ስለ ሆነ ሊወልቅ ይችላል፤ የአሉሚንየሙ እጀታ ግን ከሰንጢው አጥንት ጋር አንድ ሆኖ የተሰፋ ነው።

ምናልባት አንባቢ ሆይ፥ “አሉሚንየም ልል ማዕድን ነው ካላችሁ፥ ከጠንካራ እንጨት ይልቅ የሚኖረው እንዴት ነው?” ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው፤ የነገሩ ፍሬም በዚህ ላይ ነው።

ብረት ኦክስጅንን ሲያገኝ ይዝጋል፤ ዝገቱም ፈራሽ ስለ ሆነ ይረግፋል፤ በረገፈም ቁጥር ከሥሩ ያለው ለአዲስ ዝገት ይገለጣል። አሉሚንየምም ከብረት ይልቅ ኦክስጅንን ይወዳል ብለናል። ነገር ግን የእርሱ ዝገት አይረግፍም። ከአየር ጋር በተገናኘ ቅጽበት፥ ውፍረቱ ጥቂት የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ብቻ የሆነ ስስ ሽፋን ይለብሳል፤ ይህም ሽፋን ከማዕድኑ ጋር ተጣብቆ የሚቀር፥ አየርንና ውሃን የሚከለክል ነው። ቢፋቅ እንኳ ወዲያው በፋንታው ሌላ ይተካል። ሽፋኑ የተሠራበት ነገር ከአሉሚንየምና ከኦክስጅን የተጣመረ ሲሆን፥ ሩቢና ሰንፔር የሚባሉት የከበሩ ድንጋዮችም የዚሁ ጥምረት ልጆች ናቸው። እንግዲህ ሌሎችን ብረታ ብረቶች የሚያጠፋው ጠላት ለአሉሚንየም ልብሱ ሆነለት ማለት ነው።

የአሲዱና የኤሌክትሪኩ ሥራ ይህን የተፈጥሮ ልብስ በሺሕ እጥፍ ማወፈር ነው። ከመታጠቢያው የሚወጣው ሽፋን ከሚሊሜትር መቶኛ አንድ ወይም ሁለት እጅ ይደርሳል። ቀለም እንደ መቀባት ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከራሱ ከማዕድኑ የበቀለ ስለ ሆነ እንደ ቀለም አይላጥም። በላዩ ያሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ከተፈለገ ቀለም ይጠጣሉ፤ ከዚያም በፈላ ውሃ ይደፈናሉ። እንዲህ የተሠራ እጀታ ውሃ አይጠጣም፤ አያብጥም፤ አይበሰብስም፤ ነቀዝ አይበላውም፤ ባዶ አሉሚንየም እንደሚያደርገው እጅንና ኪስን አያጠቁርም። በዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ በ1884 የተቀመጠው ቁራጭ ይህ የአሲድ ሥራ እንኳ ሳይደረግለት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ዝናብና በረዶ ችሎ እስከ ዛሬ በቦታው አለ፤ ሹል ጫፉን ጥቂት ያቀለጠው መብረቅ ነው እንጂ ዝገት አይደለም።

ይህን ስንል ግን አሉሚንየም የማይሞት ነው ማለታችን አይደለም። ጉድለቱን ሳይነግሩ ጥቅሙን ብቻ ማውራት የነጋዴ እንጂ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይሆንም። የአሉሚንየም እጀታ የሚጎዳባቸው መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው ምት ነው። ሽፋኑ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ቢሆንም ሥሩ ያለው ማዕድን ልል ነው። በሣር ፍራሽ ላይ እንደ ተነጠፈ ቀጭን መስተዋት ነው። ሰንጢው በድንጋይ ላይ ቢወድቅ ማዕድኑ ይጎደጉዳል፤ ሽፋኑም በዚያ ስፍራ ይሰነጠቃል። ሆኖም ልዩነቱን እንመልከት፤ እንጨት በተመታ ጊዜ ይሰነጠቃል፥ አሉሚንየም ግን ይጎደጉዳል። የተሰነጠቀው ይጣላል፤ የጎደጎደው ይሠራል።

ሁለተኛው መፋተግ ነው። በኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የሚኖር ሰንጢ በጠርዙና በሻካራው ቅርጽ ጫፍ ላይ ሽፋኑ ከዓመታት በኋላ ይለቃል። በቀይ እጀታ ላይ ይህ እንደ ነጭ ጭረት ወዲያው ይታያል፤ በብርማው ግን ከማዕድኑ መልክ ጋር አንድ ስለ ሆነ አይለይም።

ሦስተኛው የሁለት ዐይነት ብረቶች ጎረቤትነት ነው። አሉሚንየምና ነሐስ ወይም አሉሚንየምና ብረት ተነካክተው በመካከላቸው ጨዋማ እርጥበት ሲገባ እንደ ባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ በዚህም ጊዜ ተበይ የሚሆነው አሉሚንየሙ ነው። ምልክቱ በችንካሩ ዙሪያ የሚታይ ነጭ ዱቄት ነው። ላብ ጨው ስለ ሆነ ይህ ነገር በባሕር ዳር ብቻ የሚደርስ አይደለም።

አራተኛው አመድና ሶዳ ነው። የአሉሚንየም ሽፋን ብዙ ነገር ይችላል፤ ብርቱ አመዳም ውሃን ግን አይችልም። ይህን በየቤታችን እናውቀዋለን። ብረት ድስት የምንለው የወጥ ቤት ዕቃ ስሙ ብረት ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚንየም ነው፤ በአመድ በታሸ ቁጥር የሚያብረቀርቀውም አመዱ የላይኛውን ሽፋን አጥቦ ስለሚወስደው ነው። ድስቱ ወፍራም ስለ ሆነ ይታገሣል፤ ቀጭን ሽፋን የለበሰ የሰንጢ እጀታ ግን በሶዳ ውሃ ውስጥ ቢያድር ልብሱን ገፎ ይወጣል።

ከእነዚህ ሌላ አሉሚንየም ብርድንና ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ በተራራ ብርድ ባዶ እጅን ያቀዘቅዛል። በዚህ ረገድ አሮጌው እንጨት ሳይሻል አይቀርም።

እነዚህ ጉድለቶች ሁሉ እያሉበት የ1961 ሞዴል አርባ ሰባት ዓመት ያህል የስዊስ ወታደር ሰንጢ ሆኖ ቆየ። ከእርሱ በፊት የነበረው የ1951 ሞዴል ያገለገለው ዐሥር ዓመት ብቻ ነበር። የዘመኑም ምስክር በራሱ በሰንጢው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የተሠራበት ዓመት በስለቱ ሥር ተቀርጿልና። ሰው አያቱ በወታደርነት የተሰጠውን ሰንጢ አንሥቶ ዓመቱን አንብቦ፥ እጀታውንም አገላብጦ አይቶ፥ የምንለውን ሁሉ ያለ ምስክር ሊመዝነው ይችላል። ጠርዙ የለሰለሰ፥ እዚህና እዚያ የጎደጎደ፥ ነገር ግን ያልተሰነጠቀና ያላበጠ እጀታ ያገኛል።

በ2008 ጦር ሠራዊቱ አዲስ ሞዴል መረጠ። ይህኛው 111 ሚሊሜትር ርዝመትና 131 ግራም ክብደት ያለው ሲሆን፥ በአንድ እጅ የሚከፈትና ሲከፈት የሚቆለፍ ስለት፥ የእንጨት መጋዝም አለው። እጀታው ናይሎን ሆኖ እንዳያንሸራትት ለስለስ ያለ ነገር ገብቶበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። እንጨቱን ያሻረው መሰንጠቁ ነበር፤ ፋይበሩን ያስናቀው ውሃ መጠጣቱ ነበር፤ አሉሚንየሙ ግን የተተካው የሰንጢው ሥራ ስለ ተለወጠና መጠኑ ስላደገ ነው። የአሉሚንየም እጀታ ያለው ሰንጢ ዛሬም ለገበያ ይሠራል፤ ገዢም አላጣም።

ክቡራን አንባብያን፤ ከዚህ ታሪክ ለራሳችን የምንወስደው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ለኪሳችን። የአሉሚንየም እጀታ ያለው ሰንጢ ያለው ሰው ላብ በነካው ጊዜ በጨርቅ ይጥረገው፤ በመታጠፊያው አንድ ጠብታ ዘይት ይጨምርበት፤ በአመድና በሶዳ ውሃ አይዘፍዝፈው፤ መዶሻም አያድርገው። ይህን ካደረገ ሰንጢው ለልጁ ይተርፋል።

ሁለተኛው ለመሥሪያ ቤታችን ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎች ለመንግሥት ዕቃ የምትገዙ፥ የምትረከቡ ወይም በግምጃ ቤት የምታስቀምጡ ናችሁ። በጨረታ ሰነድ ላይ ዋጋ በጉልህ ይጻፋል፤ ዕድሜ ግን የሚጻፍበት መስመር ብዙ ጊዜ የለም። በ1891 የመጀመሪያውን ሰንጢ ያዘዙት ሰዎች ስለ ስለቱና ስለ ካቻቢቴው አስበው ነበር፤ እጀታው እስኪሰነጠቅ ድረስ ግን ስለ እጀታው የሚበቃ አላሰቡም። ተተኪዎቻቸው የሠሩት መልካም ሥራ፥ የተበላሸውን በሌላ በተመሳሳይ ከመተካት ይልቅ “የተበላሸው በምን ነው?” ብለው መጠየቃቸው ነው። እንጨቱ በምት ተሰነጠቀ፤ የማይሰነጠቅ ፈለጉ። ፋይበሩ ውሃ ጠጣ፤ የማይጠጣ ፈለጉ። እያንዳንዱ እጀታ የተመረጠው ከእርሱ በፊት የነበረው ከሞተበት ምክንያት ተነሥቶ ነው። የተሰበረውን ዕቃ ከመዝገብ ሰርዞ መጣል ቀላል ነው፤ በምን እንደ ተሰበረ በመዝገቡ ላይ መጻፍ ግን ለሚቀጥለው ገዢ የሚተርፍ ሀብት ነው።

ሦስተኛው ስለ ብርታት ያለንን አሳብ ይመለከታል። እኛ ብርቱ የምንለው የማይነካውን ነገር ነው። አሉሚንየም ግን ይነካል፤ ይፋቃል፤ ይጎደጉዳል። የሚኖረው ጉዳት ስለማያገኘው አይደለም፤ በተጎዳበት ስፍራ ወዲያው አዲስ ልብስ ስለሚለብስ ነው። የኤልሰነርም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። ማኅበሩ በተበተነ፥ ገንዘቡም ባለቀ ጊዜ መሥሪያ ቤቱን ቢዘጋ ኖሮ፥ በ1897 የወጣውን ሰንጢ አናውቀውም ነበር። እርሱ በ1918 አርፏል፤ ሰንጢው አሉሚንየም ለብሶ አላየም። የከፈተው መሥሪያ ቤት ግን ዛሬም በዚያችው በኢባኽ አለ።

ነገ እርሳስ ለመቅረጽ ሰንጢያችሁን ከኪሳችሁ ስታወጡ፥ ስለቱን ከማየታችሁ በፊት እጀታውን አንድ ጊዜ አገላብጣችሁ ተመልከቱት።